ለክርስትናዬ የመሰከረችው የቤት አከራይ

ከጎንደር በወጣሁበት ዋዜማ፣ ፀዳ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን፣ ሻንጣዬን አምስት ጊዜ መዘንኩት። የሚፈቀደው ሃያ ሦስት ኪሎ ነው። መጀመሪያ ሠላሳ አንድ ሆነ። ሽሮ ቀነስኩ፣ ሃያ ስምንት ሆነ። መጽሐፍ ቀነስኩ፣ ሃያ ስድስት ሆነ። ጎረቤቶቼ ግን አንድ በቀነስኩ ቁጥር ሁለት እየጨመሩ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ተመልሶ ሠላሳ ላይ ቆመ።

"ምነው አስካለ፣ ቅቤውን ትተሽው ልትሄጂ?" ይሉኛል።

"እዚያም እኮ ላም አለ" ስላቸው ይስቃሉ። የፈረንጅ ላም ለእነሱ ላም አይደለችም።

በዚህ መሀል የነፍስ አባቴ መምሬ አድማሱ ከኮሶዬ በሚኒባስ ወርደው ደረሱ። መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ የሰነበተበት ጊዜ ነበርና ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅሁም። በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በሌላው ጠበል የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘዋል። እኔን ባረኩ፣ ሻንጣውን ባረኩ፣ ሚዛኑን ሳይቀር ባረኩት።

"ሚዛኑን ለምን አባቴ?"

"እንዲዋሽልሽ" አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ከዚያ ለብቻዬ ጠሩኝ። "ልጄ፣ እዚህ ጾም ሲገባ አገሩ ሁሉ ይጾማል። ደወሉን ባትሰሚ ጎረቤትሽ ይቀሰቅስሻል። እዚያ ግን ማንም አይቀሰቅስሽም። ሸጋ ሆነሽ ክረሚ።"

"ምንም አይለወጥም አባቴ" አልኳቸው።

ሃያ ዓመት ዜና ስሠራ፣ ባለሥልጣን "ምንም ችግር የለም" ሲለኝ ሁለተኛ ምንጭ እፈልግ ነበር። ያን ቀን ግን የራሴን ቃል ሳላጣራ አለፍኩት።

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰዎች ነው። አንደኞቹ አገር ቤት ሆነው "እዚያ ሄዳ ሃይማኖቷን ጣለች ወይ?" የሚሉ ናቸው። ሁለተኞቹ እንደ እኔ ወጥተው ያንኑ ጥያቄ ለራሳቸው የሚያቀርቡ ናቸው። ሥራዬ ዘጋቢነት ነበር። ጎንደር ከተማንና ከዚያ በላይ እስከ ደባርቅ ያለውን ደጋ በእግሬም በመኪናም ዞሬዋለሁ። ባለቤቴ ሙሉቀን ነርስ ነው፤ ሰሜን ጀርመን ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ በአረጋውያን መጦሪያ ሥራ አግኝቶ ከእኔ ሦስት ዓመት ቀድሞ ሄደ። እኔ የቤተሰብ ቪዛ ስጠብቅ ሦስቱም ዓመት አለቀ። ስለዚህ በረሃ አልቆረጥኩም፣ ባሕር በጀልባ አልተሻገርኩም። እኔ የተሻገርኩት ወረቀት ነው፤ እሱም የራሱ ማዕበል አለው።

ጀርመን እንደደረስኩ የጉምሩኩ ሰው ሻንጣዬን አስከፈተኝ። በርበሬውን አሽትቶ ሁለት ጊዜ አነጠሰ። ቅቤውን ሲያገኝ ግን ፊቱ በራ።

"ይህ ምንድነው?"

"ቅቤ።"

"ከእንስሳ የሚገኝ ነገር ማስገባት ክልክል ነው።"

"እኔም ነገ ረቡዕ ስለሆነ አልበላውም።"

"ካልበላሽው ለምን አመጣሽው?"

ቅቤው ቀረ፤ ጠበሉን "ውሃ" ብሎ አሳለፈው።

የደጋ ሰው ስለሆንኩ ብርድ አያስፈራኝም ብዬ ነበር። የደባርቅን ቁር አውቃለሁ። የእኛ ብርድ ግን ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል። የእነሱ ብርድ ፀሐይ ወጥታም አያፍርም፤ እንዲያውም ይብሳል። ሙሉቀን የተከራየው ቤት ፎቁ ላይ ነው፤ ከሥሩ አከራያችን ፍራው ሊንደ ትኖራለች። ፍራው ማለት ወይዘሮ ማለት ነው። ዕድሜዋ ሰማንያ ሊሞላ የተቃረበ፣ ጡረታ የወጣች የእንግሊዝኛ መምህርት ናት፤ እኔም እንግሊዝኛ ስለምችል ያለ አስተርጓሚ መጨቃጨቅ ቻልን። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ገጽ ሕግ ሰጠችኝ።

"ቆሻሻ አራት ዓይነት ነው" አለች። "የቢጫው ገንዳ፣ የቡናማው፣ የሰማያዊውና የጥቁሩ።"

"እኛ አገር አንድ ዓይነት ነው።"

"ምን ዓይነት?"

"ቆሻሻ።"

አልሳቀችም። በኋላ እንደነገረችኝ፣ በሩን ዘግታ ነው የሳቀችው።

በሳምንቱ ለነዋሪነት ምዝገባ ሄድኩ፤ አንመልዱንግ ይሉታል። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ ቁልቋል የተከለ ወጣት ሠራተኛ ስሜን፣ የተወለድኩበትን፣ የተጋባሁበትን ሁሉ በጨዋነት ሞላ። ከዚያ አንዲት ሣጥን ላይ ቆመ።

"ሃይማኖት?"

"ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ።"

ዝርዝሩን ወደ ላይ አለ፣ ወደ ታች አለ። "የለም።"

"እንዴት የለም? ከዚህ አገር መንግሥት በዕድሜ ይበልጣል እኮ።"

"ሊሆን ይችላል። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ግን የለም። ከእነዚህ ከሁለቱ፣ ከካቶሊክ ወይም ከፕሮቴስታንት፣ አንዱ ነሽ?"

"አይደለሁም።"

"እንግዲያው 'የለም' ብዬ እሞላለሁ።"

"ክርስቲያን ነኝ እያልኩህ!"

"የጥምቀት ምስክር ወረቀት ይዘሻል?"

ክርስትና ስነሣ የነበሩት ምስክሮች አብዛኞቹ ሞተዋል፤ ወረቀት ደግሞ ማንም አልጻፈም። ሻሼን ገለጥ አድርጌ ማተቤን አሳየሁት። ወደ ፊት ዘንበል ብሎ በትጋት አየው።

"ማኅተም አለበት?" አለኝ።

ቤት ስገባ ወረቀቱን ሙሉቀን አነበበና ወንበር ይዞ ሳቀ። "እኔንም እንደዚሁ ነው ያደረጉኝ። እንኳን ደህና መጣሽ፤ ሁለት አረማውያን በሕግ ተጋብተናል።" እኔም ሳቅሁ። ግን ወረቀቱን ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ሰካሁት፤ ድንች በላጥኩ ቁጥር ያየኛል። አስካለ፣ ጎንደር፣ ሃይማኖት፦ የለም። የተሳሳተ ዘገባ ነው ብዬ ማስተባበያ ልጽፍ ብፈልግ በምን ማስረጃ ነው የምጽፈው?

መጀመሪያ ጾሜ ትዝ አለኝ። ሁዳዴ ሲገባ ኮራሁ። ጎንደር እያለሁ ብገድፍ ጎረቤት ያየኛል፤ እዚህ ማንም የማያውቀኝ ሰው መሀል ሥጋ አይቼ ዘወር ማለት ደስ አሰኘኝ። ሙሉቀን የጾም ዳቦ አስለመደኝ፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ጣት የሚሰምጥበት። "ለሦስት ዓመት ጾም የገፋሁት በዚህ ነው" አለኝ። ጠዋትም ማታም በላሁት። ጾም እንዲህ ጣፋጭ ሆኖልኝ አያውቅም።

ሰሙነ ሕማማት ላይ ፍራው ሊንደ ቁርስ ጠራችኝ። ቅቤውን ገፋ አድርጌ ያንን ዳቦ ብቻ አነሣሁ።

"ቅቤ አትበይም?"

"ጾም ላይ ነኝ።"

"ልጄ፣ የያዝሽው እኮ ግማሹ ቅቤ ነው።"

ከረጢቱን አምጥታ መነጽሯን አጠለቀችና ለተማሪ እንደምታነብ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ። "ዱቄት። ወተት። ቅቤ። እንቁላል።"

"የቀረ ነገር አለ?" አልኳት።

"ሥጋ የለበትም" አለች፣ ልታጽናናኝ።

ለሙሉቀን ነገርኩት። "ሦስት ዓመት!" አለ። "ሦስት ሁዳዴ!" ከዚያ ሁለታችንም ወጥ ቤት መሬት ላይ ተቀምጠን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን፣ ከማስረጃዬ አንዱ መሰረዙን አውቄያለሁ።

ነገሩ ቀልድ ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር። የሺ ባትወልድ።

የሺ ከደባርቅ ወዲያ የምትገኘው የድብ ባሕር ልጅ ናት። ከእኛ ሃያ ደቂቃ በአውቶቡስ ትኖራለች፤ ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። በአካባቢያችን ካለን ሐበሾች የተዋሕዶ ሴቶች እሷና እኔ ብቻ ነን። ከፋሲካ በኋላ ሴት ልጅ ወለደች። እንደምታውቁት ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሣ። ካህኑ በባቡር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ትልቅ ከተማ ነው ያሉት፤ ጉባኤው የሚቀድሰው ከፈረንጆች በተዋሰው ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰማንያኛው ቀን ሐምሌ ላይ ዋለ።

"እትዬ አስካለ" አለችኝ፣ ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀምጣ። "የክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ።"

"እስቲ ላስብበት" አልኳት።

"ምን ይታሰባል? ምነው፣ ልጄን ጠላሻት?"

"እሷን ሳይሆን ራሴን ላጣራ ብዬ ነው።"

"ራስሽን? ጠላ ነሽ እንዴ?"

መቆጣቷን በቀልድ ሸፈነችው፤ ዓይኗ ግን ቀላ። እምቢ ብላት ከማታውቃት ሴት እግር ሥር መውደቅ አለባት። እኔም ላስረዳት አልቻልኩም። የክርስትና እናት ሕፃን አቅፋ ፎቶ የምትነሣ ብቻ አይደለችም። ሕፃኗ አፍ ስለሌላት፣ እናቲቱ በእሷ ፈንታ ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን ትክዳለች፤ ወደ ምሥራቅ ዞራ አምናለሁ ትላለች። በሙያዬ ቋንቋ፣ በዘገባው ሥር ስሟን ታኖራለች። እኔ ያላጣራሁት ዘገባ ሥር ስሜን አኑሬ አላውቅም።

ስለዚህ ማስታወሻ ደብተር አወጣሁ። "ጉዳዩ፦ አስካለ ክርስቲያን ናት ወይ?" ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩ ማስረጃዎቹን።

ጾም። ሰረዝኩት።

ቅዳሴ። ከመጣሁ ወዲህ ሦስት ጊዜ። ባቡሩ ሩቅ ነው እላለሁ፤ እውነቱ ግን ሳልሄድ በቀረሁባቸው እሑዶች ጥሩ እንቅልፍ ተኝቻለሁ። ሲናፍቀኝም የናፈቀኝ ነጠላ የለበሰው ሕዝብ፣ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ የሚወራው ወሬ፣ በጥምቀት ሰሞን ከተማው ሁሉ የሚሆነው ነገር ነው። የናፈቅሁት እግዚአብሔርን ነው ወይስ ጎንደርን? ከፊቱ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ።

ማተብ። ያሰረችልኝ እናቴ ናት። ይህ የእናቴን ሃይማኖት ያስረዳል።

ሁለተኛ ምንጭ ፍለጋ ሙሉቀን ዘንድ ሄድኩ።

"ክርስቲያን ነኝ?"

"ነሽ።"

"በምን አወቅህ?"

"ስትቆጪ 'በማርያም!' ትያለሽ።"

ለትልቁ ከተማ ካህን ስደውልላቸው መልሳቸው አጭር ነበር። "የነፍስ አባትሽን ይሁንታ አምጪልኝ። በድምፅ ቢልኩትም ይበቃኛል።" ሰማንያው ሊሞላ ስምንት ቀን ቀርቷል። የሺ ነጭ ቀሚሷን ሰፍታ ጨርሳለች፤ እኔ ገና እሺ አላልኳትም።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ፍራው ሊንደ አትክልቱ ቦታ ውስጥ ቼሪ የሚሉትን ቀይ ፍሬ ከዘሩ ስትለይ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እያገዝኳት ወደ ኮሶዬ ደወልኩ። እጄ ቀይ በቀይ ስለሆነ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። መምሬ አድማሱ ኔትዎርክ ፍለጋ ገደሉ አፍ ላይ ወጥተዋል፤ ነፋሱ ከእሳቸው ቀድሞ ነው የሚናገረው። ጉዳዩን ነገርኳቸው።

"ይሁንታ? ስድስት ወር ላላየኋት? አልሰጥም!"

"አባቴ!"

"ረሳሽው? ያኔ ሰብሌን በረዶ መታው ስልሽ፣ 'አይተዋል ወይስ ሰምተዋል?' ብለሽ መቅረጫ ደቅነሽ አላሳፈርሽኝም? እኔም ዛሬ ያላየሁትን አልመሰክርም።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"በቅርብ የሚያይሽ ሰው የለም? ባልሽ አይሆንም፤ ይፈራሻል።"

ፍራው ሊንደን አየኋት። "አከራዬ አለች። ግን ፈረንጅ ናት፤ በእግዚአብሔርም አላምንም ነው የምትለው።"

"ሸጋ! እንግዲያው አታዳላም። አገናኚን። አንቺ አስተርጉሚ። አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ፣ አንዲት ቃል እንዳትቀንሺ።"

ፍራው ሊንደ የተጠየቀችውን ስትሰማ ቼሪውን ተወች፣ እጇን ጠረገች፣ መልኳ የማይታይ መሆኑን እያወቀች ጸጉሯን አስተካከለች።

"ይህች ልጅ ሸጋ ሰው ናት?" አሉ መምሬ።

"በሩን በኃይል ትዘጋለች" አለች ወዲያው። ለስድስት ወር የተዘጋጀችበት መልስ ይመስላል። "ቡናማው ውስጥ ፕላስቲክ ትጥላለች። ሽንኩርት ስታቁላላ መጋረጃዬ ያለቅሳል።"

ተረጎምኩ።

"በሩን በኃይል ትዘጊያለሽ?"

"አዎ አባቴ።"

"ቀጥይ። ትዋሻለች?"

"አንድ ጊዜ የድንች ሰላጣዬን ጥሩ ነው አለችኝ። ፊቷን እኮ አየሁት።"

ይህንንም ተረጎምኩ። ከወዲያ ነፋሱ ብቻ ተሰማ፤ መምሬ ሳቃቸውን እየዋጡ ነበር።

"ደግ ነገርስ አላየሽባትም?"

ፍራው ሊንደ እጇን እንደገና ጠረገች። "ግንቦት ላይ እህቴ ስትሞት ወርዳ ወጥ ቤቴ ውስጥ ተቀመጠች። ሦስት ቀን። ደህና ነኝ ሂጂ ብላትም አትሄድም። የምታጽናና ቃል እንኳ አልተናገረችም። ምግብ ታቀርብና እስክበላ ዓይን ዓይኔን ታያለች። ፖሊስ ልጠራ ነበር።" ቼሪ አንሥታ መልሳ አስቀመጠች። "በአራተኛው ቀን ስትወጣ ቤቱ ሰፋብኝ።"

እሱንም ተረጎምኩ። "ይኼማ ለቅሶ መድረስ ነው አባቴ" አልኩ። "ሃይማኖት አይደለም፤ ያገራችን ወግ ነው።"

"አስተርጓሚ አስተያየት አይሰጥም" አሉኝ። "ጠይቂያት፤ ትጸልያለች?"

"እሱን አላውቅም" አለች ፍራው ሊንደ። "ስፖርት ግን ትሠራለች።"

"ምን ስፖርት?"

"ጠዋት ጠዋት፣ ከራሴ በላይ። ወለሉ ላይ ትወድቃለች፣ ትነሣለች፣ ትወድቃለች፣ ትነሣለች። መጀመሪያ ተናድጄ ክስ ልጽፍ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። አርባ አንድ ጊዜ። ቅዳሜና እሑድ ግን ታስተኛኛለች።"

እጄ ላይ ያለው ቼሪ ፈረጠ። ስግደቴን ነው የምትለው። ደብተሬ ውስጥ አላሰፈርኩትም ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ፊቴን እንደምታጠብ የማደርገው ነገር ነው፤ ሙሉቀን ከአዳር ሥራ ሳይመለስ፣ ማንም ሳያየኝ። ማንም ሳያየኝ ብዬ ነበር።

"አርባ አንድ" አሉ መምሬ ቀስ ብለው።

"ሁልጊዜ ግን አይደለም" አለች ፍራው ሊንደ፤ መምህርት ናትና ውጤት ስትሰጥ አትሸፍንም። "ሰኞ አርባ አንድ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ አምስት። አንድ ቀን አሥራ ሁለት ላይ ቆመ።"

ቀና ብላ አየችኝ፤ ትተረጉም ይሆን እያለች። አንዲት ቃል እንዳትቀንሺ ተብያለሁ። ተረጎምኩ።

"መጋቢት ላይ ደግሞ ሦስት ቀን ምንም አልነበረም። ሞታለች ብዬ ሾርባ ይዤ ወጣሁ። በሩን ስትከፍት ዓይኗ አብጧል። ከፋሲካ በኋላማ ጭራሽ ጠፋ፤ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር። ጉልበቷን አመማት ብዬ ቅባት ገዛሁላት።"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለካ ያ ቅባት! ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳ ቀን ስግደት የለም፤ ፍራው ሊንደ ግን ከታች ሆና ጉልበቴን ስታስታምም ከርማለች። ለመምሬ ሳስረዳ ሳቃቸው ገደሉን ሞላው፤ ከኋላቸው ያለ ሰው "ምን ሆኑ አባ?" ሲል ሰማሁ። ሲረጋጉ ግን ድምፃቸው ተለወጠ።

"የሃምሳውስ ይሁን። የመጋቢቱ ሦስት ቀን ምንድነው?"

ይህን ለማንም አልነገርኩም ነበር። "ከአገር ቤት ያ ክፉ የግጭት ወሬ የመጣ ጊዜ ነው" አልኩ። "አልሰግድም አልኩ። ከእግዚአብሔር ጋር ተኳርፌ ነበር።"

"ተናገርሽው?"

"ተናገርኩ። የማይነገረውን ሁሉ ተናገርኩ። ለዚህ ነው አባቴ የማልበቃው። ጾሜ የቅቤ ነው፤ ቅዳሴ ሳልሄድ እተኛለሁ፤ ስግደቱ ልማድ ነው፤ እሱንም አጎድለዋለሁ።"

"ልማድ?" አሉ። "ልማድማ አያኳርፍም። ከግድግዳ ጋር የተኳረፈ ሰው አይተሻል?"

ጣቴ ላይ የቀረውን ቼሪ ጠረግሁ።

"አስኩ፣ ልጄ፣ ሰው የሚኳረፈው አለ ከሚለው ጋር ነው። ሦስት ቀን ኮርፈሽ በአራተኛው ማን ታረቀሽ? እኔ አላስታረቅሁሽም። ጎረቤት አልቀሰቀሰሽም። ደግሞም ሁልጊዜ አርባ አንድ ይሞላል ብትለኝ ኖሮ፣ እውነቴን ነው፣ አላምናትም ነበር።"

ይህን በሥራዬ አውቀዋለሁ። "ችግኙ መቶ በመቶ ጸድቋል" የሚል ሪፖርት ሲመጣልኝ ሰው ቦታው ድረስ እልክ ነበር። "ሦስቱ በቅለዋል፣ አንዷን ፍየል በላቻት" ያለኝን ገበሬ ግን ሳልጠራጠር ጽፌለታለሁ። የሰው እጅ ያለበት እውነት ሁልጊዜ ፍየል የበላው ነገር አለው። ለሌላው ሁሉ ያንን ሚዛን ተጠቅሜ ለራሴ ብቻ መቶ በመቶ ስጠይቅ ከርሜያለሁ።

"ይሁንታዬን እልካለሁ" አሉ መምሬ። "ግን ለዋሸሽው ቀኖና አለብሽ።"

"ምን?"

"ያንን ድንች ደግመሽ ብዪ።"

ለፍራው ሊንደ ስተረጉምላት ከመቀመጫዋ ብድግ አለች፤ በዚያው ቀን ምሳ ሙሉ ሳህን ሠርታ አቀረበችልኝ። የሰኔው ጾም አልፏልና ማመካኛ አልነበረኝም። ጨርሼ በላሁ። "አሁንስ?" አለችኝ። "ኮምጣጤው በዝቷል" አልኳት፤ እንደተሾመች ሁሉ ደስ አላት።

ለየሺ እሺ ለማለት አልደወልኩም፤ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። በሩን ስትከፍት "ተጣራሽ?" አለችኝ። "ከነአተላዬ መጥቻለሁ" አልኳት። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ልጅቷ መሀላችን ሆና ጮኸች።

በሰማንያኛው ቀን በመጀመሪያው ባቡር ሄድን። ፍራው ሊንደም የምስክርነቴን ውጤት ካላየሁ ብላ ኮፍያ አድርጋ መጣች፤ ቅዳሴው ከሦስት ሰዓት በላይ እንደሚፈጅ ስታውቅ ሰዓቷን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከፈረንጆች የተዋስነው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፤ የእኛ ከበሮ ሲመታ ግድግዳው መልሶ ይመታል። ልጃገረዶቹ እልል ሲሉ ፍራው ሊንደ ደነገጠች። ቀጥላ ሞከረች፤ ሳል ሆነባት።

ካህኑ ወደ ምዕራብ አዞሩኝ። በልጅቷ ፈንታ ካድኩ። ወደ ምሥራቅ አዞሩኝ። ታምኛለሽ ወይ ሲባል የሚመለሰውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሆኖም ሃያ ዓመት ሙሉ "እንደተባለው"፣ "ምንጮች እንደገለጹት" እያልኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። እዚያ ላይ ማንንም ሳልጠቅስ፣ በራሴ አፍ፣ "አምናለሁ" አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ፤ የሺ ዘወር ብላ አየችኝ። በዚያች ቅጽበት ወለተ ሥላሴ፣ የክርስትና ስሟ ነው፣ አዲሱን ቀሚሴን ከደረት እስከ ጉልበት አራሰችው።

"ጠበል ነው፤ አትደንግጪ" አሉ ካህኑ ሳይስቁ።

ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ለመምሬ ደወልኩ። ዝምታ የሚከበርበት ፉርጎ መሆኑን ግድግዳው ላይ ያለው ሥዕል ይናገራል፤ ጣት ከንፈር ላይ። በሹክሹክታ ጀመርኩ።

"ክርስትና ተነሣች አባቴ።"

"ሸጋ! ስሟን ማን አላችኋት?"

"ወለተ ሥላሴ።"

"ወለተ ሥላሴ" ብለው ደገሙት፤ አጠገባቸው ላለ ሰውም ነገሩት፤ ያም ሰው ለሌላ ሲነግር ሰማሁ። ኮሶዬ ገደል አፍ ላይ ሆነው፣ አይተዋት የማያውቋትን ልጅ ስም እየተቀባበሉ ነው። ዝናብ ይጥል ነበር፤ ክረምቱ ገብቷል። ጠብታው የያዙት ጃንጥላ ላይ ሲያርፍ ጭምር ይሰማኛል። የዚያ ጭቃ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ መጣ፣ ያለ ምንም ምንጭ።

"አንቺስ?" አሉኝ። "መቼ ትመጫለሽ? እኔም እኮ እየገፋሁ ነው ልጄ። ልጅቷን ይዘሽልኝ ነይ፤ በዓይኔ ልያት።"

በመስኮቱ ጠፍጣፋው መሬት ያልፋል፤ አንድም ተራራ የለበትም። በቅርቡ እመጣለሁ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የመኖሪያ ፈቃዴ ገና ነው፤ መንገዱ ክፍት ይሁን ዝግ ከሳምንት ወዲያ የሚያውቅ የለም። አልመጣም ማለትም አልችልም፤ እሱም እውነት አይደለም። ዘጋቢ ሳለሁ ሰዎች ቃለ መጠይቅ ሲሰጡኝ ንግግራቸው መጨረሻ ላይ ሁሌ የሚያስገቧትን ሐረግ እቆርጣት ነበር። መረጃ የላትም እል ነበር፤ ቀኑን አትነግርም፣ ሰዓቱን አትነግርም።

"እግዚአብሔር ቢፈቅድ" አልኳቸው።

"አልሰማሁሽም! ዝናቡ ነው! ድገሚው!"

"እግዚአብሔር ቢፈቅድ!" ብዬ ጮህኩ።

ፉርጎው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የሺ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትስቃለች፤ ሕፃኗ እቅፏ ውስጥ ተኝታለች። መስመሩ ተቋረጠ። ፍራው ሊንደ ክንዴን ነካ አደረገችና ጠጋ አለችኝ።

"መቼ እንደምትሄጂ ጠየቁሽ አይደል? ምን ብለሽ መለስሽላቸው?"

ያንን ልተረጉምላት እስከምንወርድበት ጣቢያ ድረስ ሞከርኩ።